መጨረሻ ያልተገኘለት ቅርጽ

ወንድሜ ከጠፋ በኋላ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ውስጥ ነው። እህል ከሚሸጡት ሰዎች ጀርባ አንዲት በቅሎ እየሳበ ወደ መንገዱ ሲወጣ አየችው። በስሙ ጠራችው፤ አልዞረም። እየተጋፋች ስትከተለው የተጫኑ አህዮች መሐል ገቡባት፣ ቀና ስትል የለም። በሚኒባስ ወደ ዳባት ተመለሰች፤ ልትገዛ የሄደችውን ሳትገዛ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት እየጠረገ ግቢ ገባች።

«ልጄን አየሁት» አለችን። «ከስቷል።»

አባቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «ፊቱን አየሽው?»

«ጀርባውን ነው ያየሁት። ካፖርቱን ለብሷል። በእጄ የጣፍኩትን ካፖርት እኔ አላውቀውም?»

የተጣፈ ካፖርት የለበሰ ሰው በወገራ ገበያ ሁሉ ሞልቷል ብዬ በልቤ አሰብኩ፤ ግን አፌን ከፍቼ ልነግራት አልደፈርኩም።

ወንድሜ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ስካውት ነበር። ጠመንጃ ይዞ እንግዶችን ያጅባል፤ ብዙ ጊዜውን ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር ላይ ያሳልፍና ለእረፍት ብቻ ወደ ዳባት ይወርዳል። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። የበኩር ልጄ ወንበሬን ይወርሳል ብለው ነበር ያሳደጉት። እሱ ግን ዲቁና ተቀብሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ተራራው ይሻለኛል ብሎ ሄደ። ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ በተጠጋበት ወቅት ጨነቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልተነሣም። ከባልደረቦቹ አንዱ ወደ ቁልቁለቱ ሲሮጥ አይቼዋለሁ አለ፤ ሌላው ሽቅብ ሲሄድ ነው ያየሁት አለ። አስከሬን አልተገኘም። መርዶ የሚነግረንም ሰው አልመጣም።

መርዶ ሳይመጣ ለቅሶ አይቀመጡም። በሕይወት ሊኖር ለሚችል ሰውም ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ ወንድሜ ሞተም ዳነም ሳይባል ቀረ። እናቴ በየጊዜው አልጋው ላይ የተጣጠፈውን ጋቢ ፀሐይ ላይ ታሰጣውና ሲመሽ መልሳ ታጥፈዋለች። የግቢውን በር መቀርቀር ተወች። ውሻው ያለ ምክንያት ጆሮውን ሲያቆም ሦስታችንም ቀና እንላለን።

እኔ አዲስ አበባ የፊዚክስ ዶክትሬት እያጠናሁ ነበር። ሁለቱን ብቻቸውን መተው አልቻልኩምና አማካሪዬን አስፈቅጄ፣ ወረቀቶቼንና ላፕቶፔን ይዤ ዳባት ገባሁ። የማጠናው የዩኒቨርስን ቅርጽ ነው። ጎረቤት ምን ትማሪያለሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ የሐዘኔታ ነገር አያለሁ። ወንድሜን ግን ለማስረዳት አልተቸገርኩም ነበር።

ልጆች ሳለን አንዲት አሮጌ ስልክ ነበረችው፤ የእባብ ጨዋታ ያለባት። እባቡ በስክሪኑ ቀኝ በኩል ወጥቶ በግራ ይገባል፤ ከላይ ወጥቶ ከታች ይመጣል። ግድግዳ የለም፤ ማለቂያ የሌለው ሜዳም ግን አይደለም። እባቡ የሚሞተው የራሱን ገላ ሲነክስ ብቻ ነው። ጥናቴን በጀመርኩ ሰሞን ወንድሜ ከጨነቅ ደወለልኝ። እዚያ ኔትወርክ የሚገኘው ከገደሉ አፍ አጠገብ ስለነበር ከድምፁ ይልቅ ነፋሱ ይሰማኛል።

«ምንድን ነው የምታጠኚው? በአማርኛ ንገሪኝ» አለኝ።

«የእባቡን ጨዋታ ታስታውሳለህ? ዓለም እንደዚያ ልትሆን ትችላለች። ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደህ፣ ሄደህ፣ ሳትዞር ቤትህ ትደርሳለህ።»

«እና ወደ ፊት ብመለከትስ?»

«በጣም ሩቅ ማየት ብትችል የራስህን ጀርባ ታያለህ።»

«እዚህ ስጣራ ድምፄ ከማዶ ገደል ይመለሳል» አለኝ። «ሲመለስ የእኔ አይመስለኝም። ሌላ ሰው የጠራኝ ይመስለኛል።»

«ብርሃኑም እንደዚያው ነው። ሲደርስህ ያረጀ ነው። የምታየው ያኔ የነበርከውን ነው እንጂ አሁን ያለኸውን አይደለም።»

«ደስ አይልም» አለኝ። «ሌላ ነገር አጥኚ።»

ሌላ ነገር አላጠናሁም። የታጠፈው ዓለም ግን ከጥናቴ ቀላሉ ክፍል ነበር። የስበት ሕግ ጠፈር እንዴት እንደሚጎብጥ ይነግረናል እንጂ በጠቅላላው ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው አይነግረንም። አንድን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መተው ይቻላል፤ ሁለቱን ጠርዞች አገናኝቶ ቱቦ ማድረግም ይቻላል፤ ወረቀቱ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ከእግሯ ሥር ልዩነቱን አታውቀውም። ሰማይን የሚመረምሩ ሰዎች ከሁሉ በፊት ጉዞ በጀመረው ብርሃን ውስጥ አንድ ዓይነት ምስል በሁለት አቅጣጫ ይገኝ እንደሆነ ፈልገዋል። እስካሁን አላገኙም። ዓለም ታጥፋ ከሆነ እጥፋቷ ከዓይናችን አልፎ ነው ያለው። ታዲያ ሒሳብ ሊስላቸው ከሚችሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቅርጾች የትኞቹ ናቸው በእውን የሚፈቀዱት?

እዚህ ላይ የኳንተም ስበት የምንለው ይመጣል፤ የከዋክብትን ሕግና የአተምን ሕግ አስማምቶ አንድ ለማድረግ የሚሠራው፣ ገና ያላለቀው ሥራ ማለት ነው። በዓለም መጀመሪያ ሁሉም ነገር እጅግ ትንሽ በነበረ ጊዜ ጠፈር ራሱ እንደ ዛሬው የረጋ አልነበረም፣ ቅርጹም ይናወጥ ነበር ብለን እናስባለን። በወረቀት ላይ የሚቻል ሁሉ በዚያ ነውጥ ውስጥ አይቻልም። በሙያው ያለን ብዙዎቻችን እውነት ሳይሆን አይቀርም የምንለው፣ ግን ማንም ያላረጋገጠው አንድ ሐሳብ አለ። የሚፈቀድ ቅርጽ ሁሉ መጨረሻ ሊኖረው የሚችል መሆን አለበት ይላል። ቀስ በቀስ ተለውጦ፣ ተፈትቶ፣ ወደ ባዶነት ሊደርስ የሚችል። ለዘላለም የማይፈታ ቋጠሮ ያለበት ቅርጽ ቦታ የለውም። ሒሳባችን ውስጥ እንዲህ ያለ ቋጠሮ ካጋጠመን ደግሞ ወይ ቅርጹን መጣል ነው፣ ወይ ደግሞ ገና ያላወቅነው አንድ ነገር በተፈጥሮ ውስጥ አለ ብሎ መቀበል ነው፤ ቋጠሮውን የሚቆርጥ፣ ቅርጹ እንዲያልቅ የሚያደርግ ነገር።

የእኔ ሥራ አንድ የታጠፈ ቅርጽ ወስጄ ቋጠሮ ይኖርበት እንደሆነ መመርመር ነበር። ነበረበት። ዳባት እንደገባሁ ልፈታው ብዙ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በረንዳው ላይ በእርሳስ ስጽፍ አባቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በቤታችን እኔም ወንድሜም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምንላቸው። የሣልኩትን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝና ልክ ለእናንተ እንደነገርኩት ነገርኳቸው።

«ጥንትም ፍጻሜም የሌለው እግዚአብሔር ብቻ ነው» አሉ። «ፍጡር ከሆነ ፍጻሜ አለው። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ወረቀት ያስፈልጋል?»

«እኛ የምንፈልገው የትኛው ቅርጽ እንደሆነ ለማወቅ ነው፣ የኔታ። መጨረሻ ሊኖረው ይገባል ካልን ብዙዎቹ ይወድቃሉ። ከቀሩት መሐል መፈለግ ይቀላል።»

«አላልቅም ያለውስ?»

«ያላገኘነው ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ካለ ያልቃል።»

ወረቀቱን አንሥተው ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት። «እንዲያማ ከሆነ በእኛም ቤት ያላገኘነው ነገር አለ» አሉ።

«የኔታ፣ ይህ ስለ ጠፈር ነው» አልኳቸው። ቁጣ ቁጣ ብሎኝ ነበር።

«ስለ ምን እንደሆነ ሰምቻለሁ» አሉና ተነሥተው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ የገበያ ቀን አታሳልፍም። ወደ ደባርቅ ስትሄድ ከሚኒባስ መስኮት ሁለተኛ አየችው፤ ከመንገዱ ዳር በቅሎዋን ከፊት አስቀድሞ እየሄደ። ሹፌሩን አቁም ብትለው ሳይሰማት ጥቂት ነዳ፤ ወርዳ ስትመለስ ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ያን ቀን ስትገባ ምንም አልነገረችንም። እኔው ከሁኔታዋ አውቄ ስጠይቃት «ወደ ላይ ነው የሚሄደው» ብቻ አለችኝ።

እኔም መለወጥ ጀመርኩ። በእኛ ሙያ አንድ ጋላክሲ በታጠፈ ዓለም ውስጥ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ቢታይ፣ ያን ሁለተኛውን ምስል መንፈስ ይሉታል። ድሮ ቃሉ ያስቀኝ ነበር። አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። በአጠገቤ የሚያልፍ ሰው ኮቴ ስሰማ ከወረቀቱ ቀና እላለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ለአማካሪዬ ፋይል ልልክ ደባርቅ ሄድኩ። ከኢንተርኔት ቤቱ ስወጣ ጉሙ እስከ መናኸሪያው ወርዶ ነበር። ከፊት ለፊቴ ሰው ይሄዳል። ካፖርቱ አባቴ ለብሰውት የነበረው፣ ለወንድሜ ያወረሱት ወፍራም ካፖርት ነው። በሁለቱ ትከሻዎች መሐል እናቴ ከአሮጌ ሹራቧ ቆርጣ የጣፈችው ሰማያዊ እራፊ አለበት። ሰውየው ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ እጆቹን ከጫፍና ከጫፉ አንጠልጥሏል። ወንድሜ እንደዚያ ነበር የሚሄደው።

አፌን ከፈትኩ፤ ስሙን ግን አልጠራሁትም። ብጠራውና ባይዞር ብዬ ፈራሁ። ብጠራውና ቢዞርስ ብዬ የበለጠ ፈራሁ። ዝም ብዬ ተከተልኩት። ጆንያ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈረ፤ ከጆንያው ላይ ተቀምጦ በፎጣ ተጠቅልሎ ነበርና ፊቱ አልታየኝም። መኪናው ሲነሣ ከጫኞቹ አንዱን ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅሁት።

«ወደ ጨነቅ» አለኝ።

ቤት ስገባ «እኔም አየሁት» አልኳቸው። እናቴ አልደነገጠችም። ተነሥታ ለመንገዱ ስንቅ ቆሎ ትቆላ ጀመር።

«እኔ እግሬ አይችልም» አሉ አባቴ። «ሁለታችሁ ሂዱ። ፊቱን ሳታዩ እንዳትመለሱ።»

በማግስቱ ከደባርቅ በጭነት መኪና ወጣን። ጨነቅ ስንደርስ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር እየነጩ ነበር፤ ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች በጉሙ ውስጥ እንደ ቆሙ ሰዎች ይታያሉ። ከወንድሜ ጋር ብዙ ዘመን የሠራ አንድ ሽማግሌ ስካውት ተቀበለን። እናቴ ካፖርቱን፣ በቅሎዋንና አረማመዱን ስትነግረው አንገቱን ደፋ።

«ሰውየውን አውቀዋለሁ» አላት። «የአምቢኮ መንደር ሰው ነው። ገብስ ጭኖ ደባርቅ፣ አንዳንዴም እስከ አምባ ጊዮርጊስ ይመላለሳል። ፊቱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ልጅዎ አይደለም፣ እማማ። ካፖርቱን ግን አላስተዋልኩም ነበር።»

«ካልሆነም አለመሆኑን እኔ ልየው» አለች።

እዚያው አደርን። ጠዋት ሽማግሌው በቅሎ እስኪያመጣልን እናቴ ወንድሜ ስልክ የሚደውልበትን ቦታ አሳዪኝ አለችኝ። ነፋስ የሚበዛበት የገደል አፍ መሆኑን ነግሮኝ ስለነበር ቦታውን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ከገደሉ አፍ ዘለግ ካለ አለት አጠገብ ቆመች። ከታች ጉም እንጂ ምንም አይታይም። ነጠላዋን ከአፏ አነሣችና ስሙን ጠራች።

ድምፁ ከማዶ ተመለሰ። ወፍሮ፣ ዘግይቶ፣ የእሷ ሳይመስል። እናቴ አንገቷን ወደዚያ አዘንብላ ቆመች።

«አቤት አለኝ» አለች።

«እማየ፣ የራስሽ ድምፅ ነው።»

«ገደል እንደሚያስተጋባ አላውቅም ብለሽ ነው?» አለችኝ። «አውቃለሁ። ግን አቤት አለኝ።»

እኔም ሰምቼዋለሁ። ስለ ድምፅ ሞገድ ያነበብኩትን ሁሉ እያወቅሁ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እሱ መሰለኝ። ይህን አልነገርኳትም።

ወደ አምቢኮ የሚወስደው መንገድ የቧሂት ተራራን ከፍታ ተሻግሮ ቁልቁል ይወርዳል። እናቴ በበቅሎ፣ እኔና ሽማግሌው በእግር ነበርን። ከፍታው ላይ ትንፋሽ ያጥራል። እየሄድኩ የማስበው ስለዚያ ጀርባ ነበር። ሰማዩን የሚመረምሩት ሰዎች አንድ የሚመስሉ ሁለት ምስሎችን ባጋጠማቸው ቁጥር ምን ይሰማቸው ይሆን እል ነበር፤ ቀርበው ሲመረምሩት እንደማይገጥም እስኪያውቁ ድረስ ባለችው ጊዜ ውስጥ።

አምቢኮ ስንደርስ አዝመራ ነበር። ሽማግሌው አንድ አውድማ አሳየን። ገብስ ተዘርግቶ በሬዎች ይሽከረከሩበታል፤ ካፖርቱ ግን ሰው ሳይኖረው ከድንጋዩ ካብ ላይ ተጥሏል። እናቴ ከበቅሎዋ ወርዳ ወደ ካፖርቱ ሄደች። ሰማያዊውን እራፊ ዳሰሰች፤ የራሷን ስፌት በጣቷ ተከተለች። አሸተተችው። ከዚያ ገለበጠችው። ከፊት በኩል፣ ሆድ ላይ በሚያርፈው ቦታ፣ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ ትንሽ ቀዳዳ ነበር። እጇ እዚያ ላይ ቆመ። ማንም ምንም ሳይነግራት እዚያው ተቀመጠች።

በሬዎቹን የሚነዳው ሰው ተመለከተን። ጅራፉን ጥሎ መጣ። ከወንድሜ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ፊቱ ጠባብ ሰው ነው። ወንድሜን በምንም አይመስልም። እናቴ ካፖርቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሲያያት ቆመና እሱም ከገለባው ላይ ቁጭ አለ።

«እናቱ ነዎት» አላት። ጥያቄ አልነበረም።

«ነኝ።»

«ጦርነቱ በነበረ ጊዜ ነው» አለ። «ከጨነቅ ወደዚህ ስሻገር ከመንገዱ ዝቅ ብሎ አስታ ዛፍ ሥር ተደግፎ አገኘሁት። እንቅልፍ የወሰደው መሰለኝ። ሆዱን ተመትቷል። ውኃ ሰጠሁት፤ መጠጣት አልቻለም።»

«ተናገረ?» አለች እናቴ።

«ስሙን ጠይቄው ነበር፤ አልመለሰልኝም። በርዶኛል ብቻ ነው ያለኝ። ጋቢዬን ደረብኩለት። አብሬው ተቀመጥኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።»

እናቴ አላለቀሰችም። «ከዚያስ?» አለችው።

«ለአውሬ ልተወው? በበቅሎዬ ጭኜ አመጣሁት። ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ቀበርነው። ቄሱ ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል ብለው ፈቱት። የተገነዘው በጋቢዬ ነው።» ወደ ጭኗ አመለከተና «ካፖርቱን እኔ ወሰድኩት» አለ። «ብርድ ነበር። ቀዳዳውን ሚስቴ ሰፋችው።»

«ለምን ለሰው አልተናገርክም?» አልኩት።

«ለማን? ዝናር የታጠቀ ሰው ሞቶ አገኘሁ ብል ማን ገደለው ይሉኛል። ያን ጊዜ እንዴት እንደነበረ ታውቂዋለሽ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ማፈር መጣ።» ወደ እናቴ ዞረ። «አምባ ጊዮርጊስ ላይ የጠሩት እርስዎ ነዎት? አንዲት ሴት በሰው ስም ስትጮህ ሰምቻለሁ። የኔ ስም ስላልሆነ አልዞርኩም።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከአንድ ጥድ ሥር ወሰደን። ራስጌው ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። እናቴ እዚያ ነው ያለቀሰችው፤ መሬቱን በሁለት እጇ እየደበደበች፣ ከልጅነቱ ጀምራ እያነሣች። የመንደሩ ሴቶች ሰምተው መጡና፣ የማያውቁትን ሰው ከእሷ ጋር አለቀሱለት። ልትሄድ ስትል ሰውየው ካፖርቱን አጥፎ አቀረበላት። መልሳ ሰጠችው።

«ልበሰው። ብርድ ነው» አለችው። «ተዝካሩን ስናወጣ ግን ትመጣለህ።»

ዳባት ስንገባ አባቴ ከግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ፊታችንን አይተው አወቁ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፍትሐት ተደርጎለታል?»

«ተደርጎለታል፣ የኔታ። ስሙን ባያውቁትም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆሙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ለካህናቱ ሊነግሩ ወጡ፤ በቤታችንም ለቅሶ ተቀመጥን።

ሰውየው ለተዝካሩ ከሚስቱ ጋር መጣ። ካፖርቱን ለብሶ መግባት አፍሮ በክንዱ ይዞት ነበር። ካህናቱ ከበሉ በኋላ እናቴ ወደ እሱ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«ካፖርቱን ልበስና እስከ በሩ ሂድልኝ» አለችው።

ሰውየው ግራ ገብቶት ሚስቱን አየ። ተነሥቶ ለበሰው። ዱላውን እንደ ልማዱ ማጅራቱ ላይ አጋድሞ በሰዉ መሐል ወደ ግቢው በር ሄደ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከኋላ አየችው።

«በቃ፣ ና ተቀመጥ» አለችው። በእጇ አጎረሰችው።

እኔ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ ጽሑፌን ጨረስኩ። ቋጠሮውን መፍታት አልቻልኩም። የኳንተም ስበት ግምታችን ልክ ከሆነ፣ ይህ ቅርጽ የሚፈቀደው እስካሁን ያላየነው ነገር በተፈጥሮ ውስጥ ካለ ብቻ ነው ብዬ ጻፍኩ። ከፈታኞቼ አንዱ፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ያ ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንዳለስ እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። እርግጠኛ እንዳልሆንኩ፣ ከሌለ ግን ቅርጹም እንደማይኖር ነገርኳቸው። እሳቸውም ይህን ጻፉት። ሌላ የሚጠይቁኝ ነገር እንዳለ ሁሉ ጥቂት አዩኝና ገጹን ገለጡ።

የአምቢኮው ሰው አሁንም ገብስ ይዞ ይመጣል። ከደባርቅ አልፎ ዳባት ወርዶ እኛ ቤት ሳይበላ አይመለስም። አባቴ ስለ በቅሎዋና ስለ አዝመራው ይጠይቁታል። እናቴ ብዙ አታወራውም፤ ሳህኑን እየሞላች ትቀመጣለች። ሊሄድ ሲነሣ ካፖርቱን እሷ ታለብሰዋለች፤ ከዚያ ከበሩ ላይ ቆማ፣ በቅሎዋን እየሳበ መንገዱን ይዞ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ እስኪሰወር ድረስ ታየዋለች። ዳባት ያለሁ እንደሆነ እኔም አብሬያት እቆማለሁ። አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም። እንዳይዞር እሷ ነግራዋለች።